አዋጅ የሻረውና አዋጅ የማይሽረው፦ የፋሺስት የዘር መለያየት ሥርዓት ፍጻሜና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድርሻ

ስለ ዘር መለያየት ሥርዓት ሲነሣ አብዛኞቻችን ደቡብ አፍሪካንና ኔልሰን ማንዴላን እናስባለን። ነገር ግን ሰውን በቆዳው ቀለም የሚለይ ሕግ በእኛም አገር ለጥቂት ዓመታት ተሠርቶበታል። ያን ሥርዓት ካፈረሱት ዘመቻዎች አንዱ ያለፈውም መራዊ ባለችበት በጎጃም ምድር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በሥርዓቱ ፍጻሜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድርሻ ምን እንደነበረ፣ ለቤተ ክርስቲያን የቀረው ሥራስ ምን እንደሆነ ይመረምራል።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

ፋሺስት ኢጣሊያ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ገዥና ተገዥ በዘር ተለያይተው የሚኖሩበትን ሥርዓት መትከል ጀመረች። በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት በሚኖር ኢጣሊያዊ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይበይን ነበር። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ከኢትዮጵያዊት የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። አዲስ አበባ በነጭና በጥቁር ሰፈር እንድትከፈል ታቀደ፤ የአራዳው ገበያም ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ለአገሬው ሕዝብ የተለየ ገበያ ተቋቋመ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ገበያ ማለት የሆነ የጣሊያንኛ ቃል ነው። የሁሉም መሠረት አንድ ትምህርት ነበር፦ አንዱ ሰው በተፈጥሮው ከሌላው ያንሳል የሚል። ይህ ዘፍጥረት 1፥27ን መካድ ነው።

የመሪው ድርሻ

ሥርዓቱን ንጉሠ ነገሥቱ ብቻቸውን አላፈረሱትም። በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ በዱር በገደሉ ጠላትን ዕረፍት ነስተውት ነበር፤ ከአርበኞቹም መካከል የንጉሡን ስደት ያልወደዱ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው፣ በእንግሊዝ መኮንኖች ከሚመራው ጦርና ከአርበኞች ጋር ጎጃምን አቋርጠው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ የደረሱት ጠላት በገባባት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው።

የእርሳቸው ልዩ ድርሻ ጎልቶ የታየው በዚያ ቀን ነው። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ገና ያልሻረ ቁስል ነበር። እርሳቸው ግን ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳሰቡ። ደም መመለስ ልማድ በሆነበት አካባቢ የሚያገለግል መጋቢ የዚህን ቃል ክብደት ያውቀዋል። በዘር የቆመ ሥርዓት ሲወድቅ ትልቁ ፈተና የተገፋው ተነሥቶ ያንኑ ሥርዓት ገልብጦ እንዳይተክለው ነው። ሮሜ 12፥17-21 ከመድረክ ሲሰበክ እንሰማለን፤ በዚያ ቀን የመንግሥት ቃል ሆኖ ተሰማ።

በኋላም ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር በ1953 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ጉዳይ በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች። በ1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ እኩል ተከፍሎ፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ዋናው ፍሬ ነገር ሳይዳኝ ወደቀ። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ የተሻረው ክፋት በሌላው ምድር እንዲቀጥል ዝም አልተባለም።

አዋጅ የማይደርስበት

ታሪኩን ስንነግር የራሳችንን ጓዳ መዝጋት የለብንም። ፋሺስቶች ለወረራቸው ሰበብ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ በአገራችን የነበረው ባርነት ነው። ሰበቡ ውሸት ቢሆንም ባርነቱ እውነት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1916 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚያወጣ ሕግ አወጡ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽመው በአዋጅ ሻሩት።

አዋጅ የሚሽረው ግን በሕግ የቆመውን ነው። በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ በሊታ እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ የተለዩት በማንም አዋጅ አይደለም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ያሰኘ ሕግም የለም። ሕግ ያልጻፈውን መለያየት የትኛው መሪ ይሽረዋል?

ገላትያ 2፥11-14 እዚህ ላይ ይናገረናል። ጴጥሮስን ከአሕዛብ ማዕድ ያራቀው የመንግሥት ሕግ አልነበረም፤ ትምህርቱም አልጎደለበትም። ሰው ፈርቶ ነው የተለየው። ጳውሎስም ነገሩን እንደ ወንጌል እውነት ጉዳይ ቆጥሮ ፊት ለፊት ተቃወመው። የጌታን እራት አብረውን ከሚቆርሱት መካከል ቤቱ ገብተን እንጀራ ያልቆረስንለት አለን? የሽማግሌው ልጅ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ሊያገባ ሲጠይቅ፣ አጥንት የሚቆጥሩትን ዘመዶች መጋቢው ይገሥጻል ወይስ ጥያቄውን አለባብሶ ያሳልፋል? ለዚህ የሚጠበቅ ንጉሥ የለም። ጌታ በመስቀሉ ያፈረሰውን ግድግዳ በማዕዳችን ዙሪያ መልሰን እንዳናቆም የመጠበቅ አደራ ለእኛ ለአገልጋዮች ተሰጥቷል።