የጊምፕ ዜና መዋዕል፤ ከሞቲፍ እስከ ሦስተኛው ጂቲኬ

ጊምፕ የተባለው የፎቶና የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም እንዴት እንደ ተወለደ፣ እርሱም ጂቲኬን እንዴት እንደ ወለደ፣ ኋላም ልጁን ተከትሎ ለመድረስ ስንት ዘመን እንደ ፈጀበት በዚህ ተጽፏል። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርገነዋል፤ የፈረንጁን የሚሻ ሰው 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምርበት።

በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። የሚውሉበት የኮምፒውተር ክበብ ኤክስ ሲ ኤፍ ይባል ነበር፤ ጊምፕ ሥራውን የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። ለትምህርታቸው የጀመሩት ሥራ አደገና ኅዳር 11 ቀን 1988 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳወቁት። በዚያው ዓመት 0.54 የተባለው እትም ወጣ። ላሪ ዩዊንግ የሊኑክስ ምልክት የሆነውን ቱክስ የተባለውን ፔንግዊን የሣለው በዚሁ እትም ነው።

ነገር ግን ጊምፕ መስኮቱን፣ አዝራሩንና ሜኑውን ያገኝ የነበረው ሞቲፍ ከሚባል ቱልኪት ነበረ። ቱልኪት ማለት እነዚህን ሁሉ አሰናድቶ ለፕሮግራም ጸሐፊ የሚያቀርብ የኮድ ስብስብ ነው። ሞቲፍም ባለቤት ነበረው፤ ፈቃዱ በገንዘብ ይገዛ ነበር። እንግዲህ ጊምፕ ራሱ በነፃ ሲታደል የቆመበት መሠረት የሚሸጥ ሆነ። ሊኑክስ የጫነ ተማሪ የጊምፕን ኮድ ቢያገኝም ሞቲፍን ካልገዛ ኮምፓይል ሊያደርገው አይችልም፤ ሞቲፍ ያለው ሰው ሠርቶ የሰጠውን ብቻ ይቀበላል።

ማቲስም በሞቲፍ ተማረረና የራሱን ቱልኪት ጻፈ። ስሙንም ጂቲኬ አለው፤ የጊምፕ ቱልኪት ማለት ነው። በ1988 ማለቂያ 0.60 የተባለው እትም ሞቲፍን ትቶ በጂቲኬ ወጣ። ማቲስ ግን በሠራው አልረካም፤ እንደ ገና አፍርሶ ጻፈው፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ሊገለገሉበት እንዲችሉ አደረገው። ይህ ሁሉ የሆነው ለአንድ የሥዕል ፕሮግራም ተብሎ ነው።

ወዲያውም የልጁ ዝና ከአባቱ በለጠ። በዚያ ወራት ኬዲኢ የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ኪውት በተባለ ቱልኪት ተነሥቶ ነበር፤ የኪውት ፈቃድ ግን በዚያን ጊዜ ሙሉ ነፃ አልነበረም። ስለዚህ ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና የሚባሉ ሁለት የሜክሲኮ ሰዎች ነሐሴ 9 ቀን 1989 ዓ.ም. ኖም የተባለ ሌላ ዴስክቶፕ እንደሚሠሩ አወጁ፤ ለቱልኪትነትም ጂቲኬን መረጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጂቲኬ ጌታ ጊምፕ ብቻ መሆኑ ቀረ።

በዚያው ዓመት ኪምቦልና ማቲስ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄዱ። ወራሽ አልሾሙም ነበርና ለጥቂት ጊዜ ግራ መጋባት ሆነ። ኋላ ግን ሌሎች ፈቃደኞች ሥራውን ያዙ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. 1.0 ወጣ። ሁለተኛው ጂቲኬ በመጋቢት 1994፣ በእርሱ የተሠራው ጊምፕ 2.0 መጋቢት 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ወጡ፤ በመካከላቸው ያለው 2 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽግግር ብዙ የሚባል የለም፤ መከራው ያለው በሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ጂቲኬ በየካቲት 2003 ዓ.ም. ወጣ። ሰውም ሁሉ ጊምፕ ቶሎ ይከተላል ብሎ ጠበቀ። ጊምፕ ግን ሌላ ዕዳ ነበረበት። የውስጡ ሥዕል አሠሪ ክፍል አርጅቶ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ከ8 ቢት በላይ አይዝም ነበር። ይህን የሚተካ ጌግል የተባለ ክፍል ከ1992 ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ አልደረሰም። በ2004 ዓ.ም. ጸደይ ከሠራተኞቹ መካከል ሚካኤል ናተረርና ኦይቪንድ ኮሎስ አብረው ተቀመጡና የጊምፕን ልብ በ3 ሳምንት ያህል ወደ ጌግል አዛወሩት። የጌግል ምልክት ፍየል ነውና ይህን ሥራ በቀልድ «የፍየሎች ወረራ» አሉት። እነርሱ በ3 ሳምንት የጀመሩት ተጣርቶ ለተጠቃሚ እስኪደርስ 6 ዓመት ፈጀ፤ ጊምፕ 2.10 ሚያዝያ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ወጣ፤ ያውም በአሮጌው ጂቲኬ 2 ላይ።

በዚህ ብዙዎች ነቀፏቸው። እኔ ጸሐፊው ግን ልቡን ከመልኩ ማስቀደማቸው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቢያፈርሱ ኖሮ በጥቂት ፈቃደኞች እጅ የሚቆም ነገር አይተርፍም ነበር። ሆኖም ዋጋው ቀላል አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ጥራታቸው የላቀ ስክሪኖች ተስፋፉ፤ በእነርሱ ላይ የጊምፕ አዝራሮች ለዓይን እስኪቸግሩ ድረስ አንሰው ይታዩ ነበር። ጂቲኬ 2 ይህን ሊያስተካክል አይችልም ነበርና የሠራተኞቹ መልስ «ሦስተኛውን ጠብቁ» የሚል ብቻ ሆነ።

መሸጋገሩስ ለምን ከበደ? በጂቲኬ 2 ፕሮግራሙ በስክሪኑ ላይ በገዛ እጁ መስመር ይስብ፣ ቀለም ይቀባ ነበር። ጂቲኬ 3 ያን መንገድ ዘጋና መሣል ሁሉ ካይሮ በተባለው የኮድ ስብስብ በኩል ይሁን ብሎ ደነገገ። ለደብዳቤ መጻፊያ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ሥራው ሁሉ መሣል ለሆነው ለጊምፕ ግን ማስመሪያውም፣ ብሩሹም፣ የምርጫው ድንበርም አንድ በአንድ እንደ ገና የሚጻፍ ሆነ። የሠዓሊዎች ታብሌትና ብዕር የሚታወቁበትም ሥርዓት ተለወጠ፤ በዚህስ ተጠቃሚው ተጠቀመ፣ ቀድሞ ጊምፕ ሳይከፈት መሰካት የነበረበት ታብሌት በኋላ ቢሰካም የሚታወቅ ሆነ። ፕለጊን የሚባሉት ተጨማሪ ፕሮግራሞችም ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በፓይተን 2 የተጻፉ ነበሩ፤ ፓይተን 2 ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋረጠ። ስለዚህ የፕለጊኖቹ መግቢያ በር በሙሉ ተለውጦ ለፓይተን 3፣ ለጃቫስክሪፕትና ለሉዋ ተከፈተ፤ የቆዩት ፕለጊኖች ግን ካልታረሙ አይገቡም።

ጥቅምት 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በጂቲኬ 3 የተሠራው የመጀመሪያው የሙከራ እትም 2.99.2 ወጣ። በ40ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 7፣ የኖም ሰዎች ጂቲኬ 4ን አወጡ፤ የጂቲኬ 2ም ዘመን አበቃ ብለው አወጁ። ጊምፕ ገና አንዱን እግሩን ሲያነሣ በአንድ ቀን ፊቱ ራቀ፣ ኋላውም ተዘጋ። ሠራተኞቹ ግን ወደ አራተኛው እንዝለል አላሉም፤ የያዙትን ለመጨረስ ቆረጡ። የሙከራው እትም እየተከታተለ ወጣ፤ ዦአን ፓዤስም በአስተባባሪነት ከፊት ቆሞ ሥራውን ገፋ።

መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ጊምፕ 3.0 ወጣ፤ ጂቲኬ 3 ከወጣ 14 ዓመት፣ ጂቲኬ 4 ከወጣ 4 ዓመት ከ3 ወር ሆኖት ነበር። አዝራሮቹ በትልቁ ስክሪን ላይ በልካቸው ታዩ፤ ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ የሊኑክስ መስኮት ሥርዓት ላይም መሥራት ቻለ። በአንድ ምስል ላይ የተደረገ ማጣሪያ ዋናውን ሳያበላሽ ቆይቶ ኋላ እንደ ገና የሚታረም ሆነ፤ ይህም የተገኘው ከፍየሎቹ ወረራ ነው። ፕለጊናቸው ያልታረመላቸው ሰዎች ግን 2.10ን ሳይሰርዙ አቆዩት።