ድንኳን የማይጣልለት ሐዘን

በ1948 መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለንደን ውስጥ ዴቪድ ታስማ የሚባል ሰው ሆስፒታል ተኝቶ በካንሰር ይሞት ነበር። ዕድሜው 40 ነው። ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ፣ ሥራው አስተናጋጅነት፣ አጠገቡ ዘመድ የለውም። የሚያንገበግበው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ያለ ምንም አሻራ ከዚህ ዓለም መሄዱ ነበር። ሰው ገና ሳይሞት ለራሱ ያዝናል፤ ይህን ግን የትኛውም የሕክምና ካርድ አይመዘግበውም።

ያን የሰማችው ሐኪሙ አይደለም። በወገብ ሕመም ነርስነቷን ትታ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ የሆነችው የ29 ዓመቷ ሲስሊ ሳውንደርስ ናት። እየተመላለሰች ጠየቀችው፤ ተዋደዱ። በሞት ላይ ላሉ ሰዎች ስለሚሆን ቤት አብረው ያወሩ ነበር። ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላት፣ ለዚያ ቤት መስኮት እንዲሆን።

ታዲያ እሷን ማን ያጽናናት? ሚስቱ አይደለች፣ እህቱ አይደለች። እኛም ዘንድ «እግዜር ያጥናሽ» የሚባለው ለቅሶ ቤት ለተቀመጠችው ነው። ሌሊቱን ስታስታምም ላደረችው ነርስ ማንም አይልም፤ አንሶላውን ቀይራ ቀጣዩን ታማሚ ትቀበላለች።

ሳውንደርስ በ1957 ሐኪም ሆነች። በ1960 ደግሞ ከምታክማቸው አንዱን፣ አንቶኒ ሚህኒየቪች የተባለ ፖላንዳዊ ወደደች። የሚያወሩት ሌሎች ታማሚዎች በተኙበት ክፍል ነበር። እሱም ሞተ። ብዙም ሳይቆይ አባቷ አረፉ። ለአባት በግልጽ ይለቀሳል። ለታማሚ ግን ሐኪም እንዴት አድርጋ ታልቅስ?

አሜሪካዊው ኬኔት ዶካ ለዚህ ዓይነቱ፣ ሰው ለማይቆጥረው ሐዘን የወል ስም ያወጣለት በ1989 ነው። ዘግይቷል።

በአገራችን ነገሩ የባሰበት ዘመን ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መታደል ከመጀመሩ በፊት ወጣቶች ዋርድ ውስጥ ይረግፉ ነበር። ታማሚው በሽታውን ከገዛ ቤተሰቡ ይደብቃል፤ ቤተሰቡም ከጎረቤት ይደብቃል፤ ዕድሩ «ሳንባ ነው» ተብሎ ይቀብራል። እውነቱን የምታውቀው ነርስ ለቅሶ ልድረስ ብትል እንኳ፣ ማን ነሽ ቢሏት ምን ትመልሳለች? መምጣቷ ራሱ ምስጢር ያወጣል። ስለዚህ ትቀራለች።

የሳውንደርስ ቤት፣ ሴንት ክሪስቶፈር፣ በ1967 ተከፈተ። የታስማ መስኮት እዚያ አለ። በዚያ መስኮት ዙሪያ ቤቱን መሥራት 19 ዓመት ፈጅቶባታል። እሷም በ2005 ያረፈችው እዚያው ነው።