የብሪክስተን ከያንያንና የማኅበር ኃይል፦ ከ1907 አድማ የሚገኝ ትምህርት

የኪነ ጥበብ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የዘፋኙ ድምፅ፣ የተዋናዩ ችሎታና የደራሲው ምናብ ነው። መጋረጃው ከወረደ በኋላ ከያኒው በምን እንደሚተዳደር፣ አዳራሹ የማን እንደ ሆነ፣ ውሉን ማን እንደ ጻፈው፣ ከያኒው ሲታመም ወይም ሲያረጅ ማን እንደሚጦረው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃና ቴአትር ላይ የተጻፉት ሥራዎችም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደሉም። ስለ «ወርቃማው ዘመን» ብዙ ተብሏል፤ ያን ዘመን ያፈሩት ሰዎች የኑሯቸው መሠረት ምን እንደ ነበረ ግን እምብዛም አልተመረመረም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ማንሣት ነው። መነሻው በደቡብ ለንደን የምትገኘው ብሪክስተን ናት። ምክንያቱም በዚህች ሰፈር የኖሩ የመድረክ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት ያቋቋሙት ማኅበር የሠራውና ሳይሠራው የቀረው፣ ለእኛ በስደት ለምንኖረው ትልቅ ማመሳከሪያ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ብሪክስተን የከያንያን መንደር

ዛሬ ብሪክስተን ስትነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ1948 በዊንድረሽ መርከብ የመጡትን የካሪቢያን ሰዎች፣ የ1981ን ሁከት፣ እንዲሁም በየግድግዳው የሚታየውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ነው። የንጉሠ ነገሥታችን ሥዕል ከአዲስ አበባ አደባባዮች ከወረደ በኋላ በዚህ ሰፈር በክብር ተሰቅሎ የሚያይ ኢትዮጵያዊ የታሪክን ምፀት ሳያስተውል አያልፍም። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ብሪክስተን የመድረክ ሰዎች መንደር ነበረች።

ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የእንግሊዝ ሕዝብ ዋነኛ መዝናኛ «ሚዩዚክ ሆል» የሚባለው የልዩ ልዩ ትርዒት አዳራሽ ነበር። ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ አክሮባቱና አስማተኛው በአንድ ምሽት በየተራ የሚቀርቡበት ቤት ነው። ከነዚህ አዳራሾች ቀደምትና ዝነኛ ከሆኑት አንዱ ካንተርበሪ በ1852 በዚያው በላምቤዝ ተከፈተ። ከያንያኑን ከአሠሪዎች ጋር የሚያገናኙት ወኪሎች የሚገኙትም በዋተርሉ አካባቢ ሲሆን፣ ሥራ ፈላጊ አርቲስቶች ቆመው የሚውሉበትን ማዕዘን ራሳቸው «የድህነት ማዕዘን» ብለው ሰይመውት ነበር። ከዋተርሉ ወደ ብሪክስተን የሚወስደው ትራም ሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው ለሚመለሱት ምቹ ነበረ። የቤት ኪራዩም ከመሀል ከተማው የቀለለ ነበር። በ1898 ደግሞ ኤምፕረስ የተባለው የትርዒት አዳራሽ እዚያው ብሪክስተን ውስጥ ተከፈተ።

በዘመኑ ታላቅ የነበረው ቀልደኛ ዳን ሌኖ በአከርማን ጎዳና ይኖር ነበር። ወጣቱ ቻርሊ ቻፕሊን ወደ አሜሪካ ከመሻገሩ በፊት፣ ከ1908 እስከ 1910 ከወንድሙ ጋር በብሪክስተን ጎዳና በሚገኘው ግሌንሾ ማንሽንስ ቤት ተከራይቶ ኖሯል። የቻፕሊን ሕይወት የዚህ ሙያ ሁለት ገጽ ማሳያ ነው። እናቱም አባቱም የመድረክ ሰዎች ነበሩ። እናቱ ድምፅዋና ጤንነቷ ሲከዳት ልጆቿን ይዛ በላምቤዝ የድሆች ማደሪያ ገባች፤ አባቱም በመጠጥ ተጎድቶ ገና በወጣትነቱ በ1901 ሞተ። ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው ነገ ጠዋት የሚበላው ላይኖረው ይችላል ማለት ነው።

፪. ማኅበሩና አድማው

ከሃያኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ጀምሮ የአዳራሾቹ ባለቤትነት በጥቂት ኩባንያዎች እጅ መሰብሰብ ያዘ። ባለሀብቶቹም ኃይላቸው በጨመረ ቁጥር ውሉን ያጠብቁት ጀመር። ከውሎቹ አንቀጾች ሁለቱ በተለይ መራራ ነበሩ። አንደኛው፣ አርቲስቱ በአንድ አዳራሽ ሲቀጠር በአካባቢው ባለ በሌላ አዳራሽ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሠራ የሚያግደው ነው። ሁለተኛው፣ ቀድሞ በምሽት ብቻ ይሠራ የነበረውን ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የቀን ትርዒት እንዲያሳይ የሚያስገድደው ነው።

ከያንያን በባሕርያቸው ተፎካካሪዎች ናቸው። ስሙ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈለት በትንሹ ከተጻፈለት ጋር ጥቅሙን አንድ አድርጎ ማየት ይቸግረዋል። ሆኖም በ1906 የቫራይቲ አርቲስቶች ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ፌዴሬሽኑ ብቻውን አልቆመም፤ ከሙዚቀኞች ማኅበርና ከመድረክ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ቃል ኪዳን ገባ። ይህም ቁም ነገሩ ነው። ዘፋኙ ያለ ክራር መቺው፣ ክራር መቺውም ያለ መጋረጃ ጎታቹ ምሽቱን እንደማይፈጽም ተረድተው ነበርና።

በጃንዋሪ 1907 በሆልበርን ኤምፓየር የተነሣው ጠብ ወደ አድማ ተለውጦ ከ20 በላይ የለንደን አዳራሾችን አዳረሰ። ዝነኞቹ ማሪ ሎይድንና ጆ ኤልቪንን የመሳሰሉት ከአድመኞቹ ጋር ተሰለፉ። ማሪ ሎይድ በዚያን ጊዜ የፈለገችውን ያህል ዋጋ ጠይቃ ልትቀበል የምትችል ኮከብ ነበረች፤ ከአድማው በግሏ የምታተርፈው ነገር አልነበራትም። በየአዳራሹ በር ከተራው ከያኒ ጎን መቆሟ ግን ለአድማው ኃይል ሰጠው። ነገሩም በመንግሥት በኩል በተሰየመው በጆርጅ አስክዊዝ የግልግል ዳኝነት ታይቶ፣ በዚያው ዓመት በተሰጠው ፍርድ ለሙዚቀኞች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ተበጀላቸው፤ የቀን ትርዒትና የእገዳ አንቀጾችም ልክ ተደረገላቸው።

ድሉ ምሉዕ ነበር ማለት አይቻልም። ባለሀብቶቹ ቂም አልረሱም። በ1912 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በተገኙበት የመጀመሪያው ታላቅ የንጉሣዊ ትርዒት ሲዘጋጅ ማሪ ሎይድ ሳትጠራ ቀረች። የሚደንቀው ግን ሌላ ነው፤ የዚያ ትርዒት ገቢ የተሰጠው ለቫራይቲ አርቲስቶች መረዳጃ ድርጅት ነበር። ይኸው ድርጅት በትዊክንሃም ብሪንስዎርዝ ሃውስ የተባለውን የአረጋውያን ከያንያን መጦሪያ ቤት አቋቋመ። ፌዴሬሽኑ በ1960ዎቹ ከተዋንያን ማኅበር ከኤክዊቲ ጋር ተዋሕዶ ስሙ ቢጠፋም፣ መጦሪያው እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በእኛ አነጋገር፣ እነዚያ ሰዎች በአንድ በኩል የሠራተኛ ማኅበር፣ በሌላ በኩል እድር መሠረቱ ማለት ነው።

፫. በእኛ ዘንድ የነበረው

ለመሆኑ እድርንና ማኅበርን ከማንም በፊት የሚያውቀው የኢትዮጵያ ሕዝብ ለከያንያኑ ይህን የመሰለ ድርጅት ስለ ምን አላቆመም?

መልሱ ከያኒው ከማን ጋር ታስሮ እንደ ኖረ በማየት ይጀምራል። አዝማሪው በጌታው አዳራሽ፣ በሠርግ ቤትና በጠጅ ቤት የሚኖረው በሽልማት ነበር። ሽልማት ደግሞ ቸርነት እንጂ መብት አይደለም። ኅብረተሰቡም አዝማሪውን ያለ እሱ ደስታው የማይሞላ ሆኖ ሳለ በስሙ ይሰዳደብበት ነበር። ዘመናዊው ሙዚቃ ሲመጣ ጌታው ተለወጠ እንጂ ግንኙነቱ አልተለወጠም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ማለትም «አርባ ልጆች»፣ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች ሆኑ። በ1935 የጠላት ወረራ ሲያሰጋ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ስሙ ማኅበር ቢሆንም፣ የከያንያኑ የራሳቸው ማኅበር አልነበረም። ከነጻነት በኋላም ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን ለዚሁ ተቋም ብቻ ተሰጠ። አምሃ እሸቴ በ1969 ያን ገደብ ጥሶ በግሉ ሸክላ ማሳተሙ በታሪካችን ትልቅ ስፍራ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ላፈሯቸው ድምፃውያን ደመወዝና ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጌታው ሲወድቅ አብሮ መውደቅ አለ። በዲሴምበር 1960 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠ ለእስር የተዳረገው የዘበኛው ድምፃዊ ስለ ነበረ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ሳንሱሩ ግጥሙን፣ ሰዓት እላፊው ምሽቱን ወሰደበት። ባንዶች እንግዶቻቸውን ይዘው በር ዘግተው እስከ ንጋት የሚጫወቱት ሕዝቡ በሌሊት ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ነበር። የኪነት ቡድኖች በየቀበሌው ሲፈለፈሉ መድረኩ በዛ፤ ባለመድረኩ ግን የራሱ አልሆነም። የቅጂ መብት ዐዋጅ የወጣው በ2004 ሲሆን፣ መብትን በጋራ የሚያስተዳድር ማኅበር በግልጽ የታሰበው በ2014 በተደረገው ማሻሻያ ነው። የለንደን አርቲስቶች ካደረጉት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ዓመት በላይ መዘግየቱን አንባቢ ራሱ ያስላ።

፬. አዳራሾቹ ዛሬ

የብሪክስተን ታሪክ በ1907 አላበቃም። ኤምፕረስ ሲኒማ፣ ቀጥሎም የቢንጎ ቤት ሆኖ በመጨረሻ ፈርሷል። በ1929 አስቶሪያ ተብሎ በሲኒማነት የተከፈተው ታላቅ ሕንፃ ግን ከ1983 ጀምሮ ብሪክስተን አካዳሚ በሚል ስም የሙዚቃ አዳራሽ ሆኗል፤ 4,921 ሰው ይይዛል። በዲሴምበር 2022 በናይጄሪያዊው ድምፃዊ በአሳኬ ዝግጅት ላይ በበሩ በተፈጠረው መጨናነቅ ሁለት ሰዎች ሞቱ። አዳራሹም ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆይቶ፣ የላምቤዝ ምክር ቤት 77 ግዴታዎችን ጥሎበት በኤፕሪል 2024 ተከፈተ። ከነዚያ ሟቾች አንዷ ለጥበቃ የተሰማራች ሠራተኛ ነበረች። መድረክ ማለት አርቲስቱ ብቻ ሳይሆን በር ላይ የቆመውም ጭምር እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ የለም።

ትናንሾቹ ቤቶች ሌላ ፈተና አለባቸው፤ ኪራይ፣ ግብር፣ በአጠገባቸው የሚሠሩ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶችና የነዋሪዎቹ የጩኸት አቤቱታ። እነዚህን ለመርዳት በ2014 ሚዩዚክ ቬኑ ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። ከሥራዎቹ ዋነኛው፣ በነባር አዳራሽ አጠገብ አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ድምፁን የመከላከል ግዴታ በራሱ ላይ እንዲወድቅ መከራከሩ ነው፤ መርሁም በ2018 በእንግሊዝ የከተማ ፕላን መመሪያ ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ በ2023 ብቻ 125 ትናንሽ አዳራሾች ተዘግተዋል ወይም ሙዚቃ ማሳየት አቁመዋል። ስለዚህም ከታላላቅ አዳራሾችና ስታዲየሞች ትኬት ላይ ጥቂት ገንዘብ፣ በተለይም አንድ ፓውንድ፣ ተቀንሶ ለትናንሾቹ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ በ2024 በፓርላማ ኮሚቴ ተደገፈ፤ መንግሥትም ኢንዱስትሪው በፈቃደኝነት እንዲያደርገው አሳሰበ። የቀጥታ ሙዚቃን ዘርፍ በጠቅላላ የሚወክለው ላይቭ የተባለው ጥምር አካልም ገንዘቡን የሚያከፋፍል ድርጅት አቋቋመ። መነሻው 5,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ በመሆኑ ብሪክስተን አካዳሚ በጥቂት ወንበር ከግዴታው ውጪ መቅረቱ፣ በፈቃድ የሚሰጥ እርዳታ ወሰኑ የት ላይ እንደሚሰመር ሁልጊዜ አከራካሪ መሆኑን ያሳያል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አለ። የ1906 ፌዴሬሽን የተመሠረተው በከያንያኑ በራሳቸው ነው፤ የዛሬዎቹ አካላት በአብዛኛው የሚወክሉት አዳራሹንና አዘጋጁን ነው። አዳራሽ ሲድን አርቲስቱ የሚሠራበትን ስፍራ ያገኛል፤ ይህ እውነት ነው። የአዳራሹ መዳን ግን በራሱ የአርቲስቱ መዳን አይደለም። ሁለቱም ድርጅቶች ጎን ለጎን ሲኖሩ ብቻ ሚዛኑ ይጠበቃል።

፭. ለእኛ ምን ይሻላል?

በስደት ያለው ኢትዮጵያዊ ከያኒ ከሁለቱም የለውም። በዘመን መለወጫና በገና ሰሞን አዳራሽ እንከራያለን፤ ድምፃዊ እናስመጣለን፤ በማግስቱ አዳራሹ የሌላ፣ ድምፃዊውም የራሱ ብቻ ይሆናል። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ሙዚቀኞች ከፊሉ እዚያው ቀሩ። ከእነርሱም አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። በ2013 የ1985 ሥራው በአንድ የውጭ አሳታሚ ዳግመኛ ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ ሲመለስ ሁላችንም ኮራን። ኩራቱ የሚገባ ነው። ነገር ግን በመካከሉ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ የእኛ ማኅበር የት ነበር ብሎ መጠየቅም ይገባል። ታክሲ መንዳት ነውር አይደለም፤ ነውሩ የአንድ ሕዝብ ቅርስ የሚታወሰው እንግዳ ሰው ሲያስታውሰው ብቻ መሆኑ ነው።

ስለዚህም ይህ ጸሐፊ የሚያቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየከተማው ለቀብር የተመሠረቱ እድሮቻችን በሚገባ ይሠራሉ፤ ሬሳችንን ወደ አገር ይልካሉ። ከየበዓሉ ትኬት አንድ ፓውንድ ወይም አንድ ዶላር ለይቶ በማስቀመጥ፣ በሂሳብ ዐዋቂ አስመርምሮ፣ ለታመሙና ላረጁ ከያንያን ማዋል ከዚህ የከበደ ሥራ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ የጽሑፍ ውል ነው። በቃል የተገባ ስምምነት የወዳጅነት ምልክት መስሎ ይታያል፤ ክፍያው ሲቀር ግን ወዳጅነቱንም ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛውና ከባዱ የታዋቂዎቹ ድርሻ ነው። ስማቸው በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፍላቸው ከያንያን ስለ ራሳቸው ብቻ ከተዋዋሉ ማኅበር የሚባለው ነገር ከወረቀት አያልፍም።

የብሪክስተን ከያንያን ሀብታሞች አልነበሩም፤ ከእኛ የተለየ አንድነትም አልነበራቸውም። በሌሊት ትራም አብረው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። አንድ ነገር ግን ከእኛ ቀድመው ተረዱ፦ ጭብጨባ ሽልማት እንጂ ደመወዝ እንዳልሆነ፣ ሽልማትም የሚቆመው ሸላሚው እስከ ቆመ ድረስ ብቻ መሆኑን።