የኒዮክላሲክ የቤት ዕቃ ታሪክና ስልት፤ በቂርቆስና በካዛንቺስ አንጻር ሲታይ

በአማርኛ «አልጋ» የሚለው ቃል መኝታን ብቻ ሳይሆን መንግሥትንም ያመለክታል። ዙፋኑን የሚረከበው መስፍን «አልጋ ወራሽ» ሲባል፣ ንጉሥ ሲሻር ደግሞ «ከአልጋው ወረደ» ይባል ነበር። የቤት ዕቃ የሥልጣንና የማዕረግ ምስክር መሆኑን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ እንደሚያውቀው ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለሆነም በአዲስ አበባ መካከል በቂርቆስና በካዛንቺስ የቆሙትን ሕንፃዎች የሚመረምር ባለሙያ ግድግዳውንና ጣሪያውን አይቶ ወንበሩን ቢተው ታሪኩን በግማሽ አነበበ ማለት ነው።

በዓለም ቤተ መንግሥታትና ኤምባሲዎች ለረጅም ጊዜ የክብር ምልክት ሆኖ የኖረው የቤት ዕቃ ስልት ኒዮክላሲክ የሚባለው ነው። ስልቱ የተወለደው በ18ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ነው። በኢጣልያ በእሳተ ገሞራ ተቀብረው የኖሩት የሮማውያን ከተሞች፣ ሄርኩላኔየም ከ1738 እ.ኤ.አ.፣ ፖምፔይ ደግሞ ከ1748 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቆፈሩ የጥንቱ ሰው ቤትና ዕቃ ለዓይን ታየ። በዚያን ጊዜ አውሮፓን ይገዛ የነበረው የሮኮኮ ስልት ጠመዝማዛ መሥመርና የዛጎል ቅርጽ የበዛበት ስለነበር፣ አዲሱ ትውልድ ቀጥተኛውን መሥመርና የተመዛዘነውን ቅርጽ መረጠ። በእንግሊዝ አርክቴክቱ ሮበርት አዳም፣ በፈረንሳይ በሉዊ 16ኛው ዘመን የነበሩት እንደ ዦርዥ ዣኮብ ያሉ የወንበር ሠሪዎች ስልቱን አደላደሉት። የሄፕልዋይት መጽሐፍ በ1788 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ ንድፉ ከመኳንንት ቤት አልፎ ተራው አናጢ እጅ ገባ። በናፖሊዮን ዘመንም ፐርሲዬና ፎንቴን የተባሉት አርክቴክቶች ስልቱን ከበድ አድርገው በነሐስ ጌጥ፣ በንሥርና በአክሊል ምልክት አስጊጠው የመንግሥት ልብስ አደረጉት፤ ይኸውም «ኤምፓየር» የተባለው ነው።

የስልቱን ዋጋ በወርቅ ቅቡ ብቻ የሚለካ ሰው ግን ዋናውን ነገር ይስታል። የሮኮኮው ወንበር እግር እንደ ኤስ ፊደል የታጠፈ ስለነበር ከወፍራም ሳንቃ ተጠርቦ ሲወጣ የእንጨቱ ጅማት በመታጠፊያው ላይ ይቆረጣል፤ ስብራትም የሚጀምረው ከዚያው ነው። የኒዮክላሲኩ እግር ቀጥ ያለ በመሆኑ ጅማቱ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ክብደቱም በቀጥታ ወደ ወለል ይተላለፋል። እግሩ ወደ ታች እየቀጠነ መሄዱም ለውበት ብቻ አይደለም። ወንበሩ ወደ ጎን ሲገፋ እግሩን የሚያጎብጠው ኃይል የሚበረታው እግሩ ከመቀመጫው ክፈፍ ጋር በሚገናኝበት ላይ ስለሆነ፣ ውፍረቱ ከላይ መሆኑ ተገቢ ነው። በዚሁ መጋጠሚያ ላይ የእግሩ ራስ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል፤ የክፈፉ ምላስ ከቀዳዳው የሚገባውም በዚሁ ነው። በፊቱ ላይ የሚቀረጸው አበባ ዓይንን የሚስበው በትክክል ኃይሉ ወደሚያርፍበት ቦታ ነው። እንግዲህ ጌጡና ስሌቱ የተጣሉበት ጊዜ የለም።

በኢትዮጵያ ግን ከዚህ የተለየ የአሠራር ባህል ነበረ። የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በመሆኑ መጋጠሚያ አያስፈልገውም፤ ሦስት እግር ያለው በመሆኑም ባልተስተካከለ ወለል ላይ እንኳ አይወዛወዝም። ከብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ የሚሠራውና በጨርቅ የሚለበጠው የአውሮፓ ወንበር በብዛት የገባው ከቤተ መንግሥቱና ከሌጋሲዮኖች ጋር ነው።

ለዚህ ታላቁ ምሳሌ ንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተመረቀው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ነው። የዙፋን አዳራሹና የእንግዳ መቀበያ ክፍሎቹ የአውሮፓን ቤተ መንግሥታት ሥርዓት የተከተሉ ናቸው። እንዲህ ባለው ሥርዓት ዙፋኑ ከነድባቡ በመካከለኛው መሥመር ላይ ይቆማል፤ ሌላው ሁሉ ለእርሱ ግራና ቀኝ ይሆናል። ሚዛናዊነት የተባለው የጥበብ ሕግ የአገዛዝም ሕግ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው የተነገራቸው በዚሁ ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ከግቢው የወጡትም በቮልስዋገን መኪና ነበር። ባለቤቱ ከአልጋው ወረደ፤ ዕቃው ግን በቦታው ቀረ።

ከዚሁ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በኢጣልያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በሁለቱ መካከል ያለው የዘመን ርቀት ከስድስት ዓመት የማይበልጥ ቢሆንም የአሳብ ርቀቱ ሰፊ ነው። ዙፋን አንድ ብቻ ሆኖ የሚሠራ ሲሆን የጉባኤ ወንበር ግን በቁጥር ብዙ፣ በማዕረግ እኩል መሆን አለበት። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን የመሠረቱት በዚህ አዳራሽ ነበር።

ሦስተኛው ምስክር ካዛንቺስ ነው። ስሙ የመጣው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምኅፃር፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ቢወጣም ኮመዲኖ፣ ኮምፔንሳቶና ቶርኖ የሚሉት ቃላት በአዲስ አበባ አናጢ አፍ ላይ ቀርተዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚቀጥን እግር፣ ግራና ቀኙ የተመዛዘነ ቁም ሣጥን፣ በቶርኖ የወጣ የአልጋ ዘንግ በመካከለኛ ኑሮ ቤት ሲገኝ፣ የቤተ መንግሥቱ ስልት ወርቁን አራግፎ በዋንዛና በጽድ እንደ ገና መወለዱ ነው።

ሦስቱም ምስክሮች በአንድ ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ዕጣቸው ተለየ። የአፍሪካ አዳራሽ በጥቅምት ወር ታድሶ ተከፈተ። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ በኋላ ስሙ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ በታኅሣሥ ወር ለሙዚየምነት በቃ። የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ግን በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሠፈር ተዛወረ። የንጉሡ ወንበር ጠባቂ አገኘ፤ የሠራተኛውና የነጋዴው ቁም ሣጥን ግን በጭነት መኪና ተበተነ።

የከተማ መታደስ አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ሆኖም የፈረሰ ሕንፃ ፕላኑ በመዝገብ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ አናጢው በዓይኑና በእጁ የሠራው ዕቃ ግን ፕላን የለውም፤ ንድፉ ራሱ ዕቃው ነው። አሮጌ ሠፈር ከመነሣቱ በፊት መሬቱንና ግድግዳውን የሚለካው ባለሙያ አንድ ቀን ጨምሮ ወንበሩንና ቡፌውን ቢለካ፣ የእንጨቱን ዓይነትና የመጋጠሚያውን አሠራር ቢመዘግብ፣ ሠሪው በሕይወት ካለም ቢጠይቀው፣ የሚያስፈልገው ሜትርና ወረቀት ብቻ ነው። ይህ ሳይሆን ከቀረ መጪው ትውልድ ስለዚህ ዘመን አቀማመጥ የሚያውቀው ነገሥታት እንዴት ይቀመጡ እንደነበረ ብቻ ይሆናል።