የወሎ ረሃብ ፊልሞችና ተመልካቾቻቸው

አንድ ፊልም ምን ይላል ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ፊልሙን ብቻ መመርመር አይበቃም፤ ማን፣ የት ሆኖ፣ ምን እያወቀ ተመለከተው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን እውነት ከወሎ ረሃብ ፊልሞች አብልጦ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ለዓለም የታዩት እነዚህ ምስሎች በአንዱ አገር ምጽዋት ሰበሰቡ፤ በሌላው የዘውድ ሥርዓት ሲወድቅ የክስ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። የወሎንና የራያን ሕዝብ ግን ለዓለም ያስተዋወቁት በአንድ ገጽታ ብቻ ነው።

ስለ ፊልም ተመልካች የሚነገሩት የቆዩ ወጎች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እምብዛም አይረዱም። በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ቀደምት የሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር ይታወቃል። ስሙ ዛሬ የሚጠቀሰው በአብዛኛው የዘመኑ ሰው አላዋቂ ነበር ለማለት ነው። አውሮፓውያንም ስለ ራሳቸው የሚያወሩት ተመሳሳይ ወግ አላቸው። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ ጣቢያ የሚገባ ባቡር ባሳዩ ጊዜ የፓሪስ ተመልካች ባቡሩ የሚደፈጥጠው መስሎት ከወንበሩ ተነሥቶ ሸሸ ይላሉ። የፊልም ታሪክ አጥኚዎች ነገሩን መርምረው ለተባለው ሽብር አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። ሁለቱም ወጎች ተመልካችን የተሰጠውን ሁሉ እንዳለ እንደሚቀበል ባዶ ዕቃ አድርገው ያቀርቡታል። የወሎ ፊልሞች ታሪክ የሚያስተምረው ግን ተቃራኒውን ነው።

ነገሩን ለመረዳት መልክዐ ምድሩን ማስታወስ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚጓዘው አውራ ጎዳና ደሴንና ወልድያን አልፎ ወደ ራያ ቆላ ይወርዳል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ባቀፉት ሜዳ ላይ ቆቦንና አላማጣን ካቋረጠ በኋላ በጠመዝማዛ ዳገት ወደ ኮረም ይወጣል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል፣ ኮረም ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን አላማጣና ኮረም የሚተዳደሩት በወሎ ሥር ነበር። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ገበሬ እህል ፍለጋ የወረደው ወደዚሁ ጎዳና ነው፤ መኪናና አውቶቡስ እያስቆመም ይለምን ነበር። በኋላ የመጡት የፊልም አንሺዎችም የተጓዙት በዚሁ ጎዳና በመሆኑ ካሜራው የቆመው አስፋልቱ በደረሰበት ቦታ ነው።

በዚያው በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ውስጥ ታዩ። መንግሥት ግን ነገሩን ማዳፈን መረጠ። ይህ በሆነ በወራት ውስጥ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በወሎ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በቴምዝ ቴሌቪዥን አማካይነት ለእንግሊዝ ሕዝብ ታየ። ርእሱ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር።

የእንግሊዝ ተመልካች ወሎን አያውቅም። የተራበ ሕፃን ምስል በቴሌቪዥን ሲያይ ግን የመጀመሪያው አልነበረም፤ ከአምስት ዓመት በፊት በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ተመሳሳይ ምስል ቤቱ ድረስ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ምስል ያየ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚያ ተምሯል፤ ገንዘብ ያዋጣል። በዚህ መሠረት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ለዚህ ተመልካች ፊልሙ የልመና ቃል ነበር፤ እርሱም እንደ ልመና ሰምቶ መለሰ።

ከ11 ወራት በኋላ ምስሉ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ትርጉም አገኘ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ፊልም አሳየ፤ ነገር ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ትዕይንቶች እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንዲመለከቱት ተነገራቸው። በማግሥቱ ጠዋት ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነበበላቸውና በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

የተራቡት ሰዎች ምስል ከለንደኑ ምስል አልተለየም። የተለየው አጠገቡ የተቀመጠው ነገርና የተመልካቹ ማንነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1917 አብዮት በኋላ ባሉት ዓመታት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሩሲያ የፊልም ባለሙያ ስላደረገው ሙከራ የሚነገረው ይህንኑ ያብራራል። ኩሌሾቭ ሞዙኪን የተባለውን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበት የፊት ምስል ወስዶ በመጀመሪያ ከሾርባ ሳህን፣ ቀጥሎ ከሕፃን ሬሳ ሣጥን፣ በመጨረሻም ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አጣመረው። ተመልካቾቹ ተዋናዩ ረሃብን፣ ኀዘንንና ፍቅርን በየተራ መግለጡን አደነቁ ይባላል፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። ትርጉሙን የፈጠረው ተመልካቹ ሁለቱን ምስሎች በአእምሮው ሲያያይዛቸው ነው።

በአዲስ አበባ የተደረገውም ይኸው ነው፤ ነገር ግን የሚያያይዘው ተመልካች የራሱ ዕውቀት ነበረው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የፈነዳውን የሥራ ማቆም አድማና ሰላማዊ ሰልፍ ያየ፣ ስለ ወሎ በሹክሹክታ የሰማ፣ የተሰወረ ነገር እንዳለ የጠረጠረ ሕዝብ ነው። ግብዣውን ከረሃቡ ጋር ሲያይ ምክንያትና ውጤት አድርጎ አነበበው። ደርግም የፈለገው ይህንኑ ነበር። በለንደን ልመና የነበረው በአዲስ አበባ ፍርድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ምስልን እንዲህ የሚጠቀምበት ኃይል ምስሉን ለዘለዓለም በእጁ ሊያቆየው አይችልም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሽ አገሮች አዲስ ረሃብ መምጣቱን በቁጥር አስደግፎ አቀረበ፤ ያገኘው ምላሽ አነስተኛ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን በኮረምና በመቀሌ ያዘጋጁት ዘገባ በቢቢሲ ቀረበ፤ ከዚያም ከ400 በሚበልጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዓለም ተሠራጨ። በዚህ ጊዜ ድግሱን ከረሃቡ ጎን ለማስቀመጥ መቀስ የያዘ የፊልም አቀናባሪ አላስፈለገም፤ የበዓሉን ወሬ የሰሙ የውጭ አገር ተመልካቾች ራሳቸው አያያዙት። ከ10 ዓመት በፊት ደርግ በንጉሡ ላይ ያነሣው ክስ በራሱ ላይ ዞረ።

ብዙኃኑ የዓለም ተመልካች ግን ክስም አላነበበም። ያነበበው ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ነው። በሰሜኑ የሚካሄደው ጦርነት፣ የእህል ገበያው፣ የገበሬው ዕዳ በምስሉ ውስጥ አልታዩም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ከለንደንና ከፊላዴልፊያ በተላለፈው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የካናዳ ቴሌቪዥን ያነሣቸው የረሃብ ምስሎች ስለ ረሃብ ካልተደረሰ ዘፈን ጋር ተጣምረው ታዩ። ብዙ ሕዝብ አለቀሰ፤ ብዙ ገንዘብም ተሰበሰበ። ያ ገንዘብ የብዙዎችን ሕይወት አድኗልና የተመልካቹን እንባ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ሙዚቃው ለተመልካቹ ምን ሊሰማው እንደሚገባ እንጂ ረሃቡ ለምን እንደ መጣ አልነገረውም።

ከነዚህ ሁሉ ተመልካቾች መካከል አንድ ወገን አልነበረም፤ እርሱም የተቀረጸው ሕዝብ ነው። በ1967 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። የቆቦ፣ የአላማጣና የኮረም ሰው በስሙ ዘውድ ሲገረሰስ የተገረሰሰበትን ፊልም አላየም። ንግግሩም በአብዛኛው በውጭ አገር ተራኪ ድምፅ ተሸፍኗል።

ይህ ተመልካች ቢገኝ ኖሮ ምን ያነብ እንደ ነበር የሚጠቁም አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ጆን ዊልሰን የተባሉ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ምሁር እንደ ጻፉት፣ ስለ ጤና አጠባበቅ የተዘጋጀ አጭር ፊልም በአንድ የአፍሪካ መንደር ታየ። ያቆረ ውኃና ባዶ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚወገድ የሚያስተምር ነበር። በኋላ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ ተመልካቾቹ «ዶሮ» አሉ። አዘጋጆቹ በፊልሙ ውስጥ ዶሮ መኖሩን አያውቁም ነበር፤ ፊልሙን ምስል በምስል ሲመረምሩት ግን ለአንድ ሰከንድ ያህል ብር ብላ ያለፈች ዶሮ ተገኘች። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ያልተማረ ሰው ፊልም ማንበብ አይችልም ለማለት ነው። በሌላ በኩል ሲታይ ግን የመንደሩ ሰዎች አዘጋጆቹ ሳያስተውሉት የቀረውን እውነተኛ ነገር ማየታቸውን ያሳያል። የራያ ገበሬም የራሱን ሕዝብ ፊልም ቢያይ ከአለባበሱና ከሹሩባው ማን ከደጋ፣ ማን ከቆላ እንደ መጣ ይለይ ነበር፤ በሬ አለመኖሩንም ከሁሉ አስቀድሞ ያስተውል ነበር። በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመጣም የሚያርስበት የለውም።

ከምስሉ ውጭ የቀረውን በኋላ በጽሑፍ የሞሉት ምሁራን ናቸው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት በረሃቡ ወቅት በአገሪቱ የታየው የእህል ምርት ቅነሳ 7 በመቶ ገደማ ነበር፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። የወሎ ገበሬ የተራበው ከሁሉ በፊት የሚገዛበት አቅም ስለ ጠፋበት ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ባካሄዱት ሰፊ ጥናት ገበሬው ለረሃብ የተጋለጠው በተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን በሚኖርበት ሥርዓት ጭምር መሆኑን አስረድተዋል።

ለመሐንዲስ ደግሞ ከምስሉ ውጭ የቀረ ሌላም ነገር አለ። የተራቆተ መሬት ሆኖ የታየው የራያ ቆላ በክረምት ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የሚተኛበት ደለላማ ሜዳ ነው። ገበሬው የጎሊናን፣ የሆርማትንና የሌሎችን ወንዞች ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ ግድብ እየጠለፈ ወደ ማሽላ እርሻው የሚመራበት «ጠለፋ» የተባለ የቆየ ጥበብ አለው። ከሜዳው ሥር የከርሰ ምድር ውኃ አለ፤ በቆቦና በጊራና ሸለቆ ጉድጓድ ተቆፍሮ የመስኖ እርሻ የተስፋፋው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። እህል የሚለምን እጅ ብቻ ያየ ተመልካች የስንዴ ከረጢት ይልካል። ጎርፍ የሚጠልፍ እጅ ያየ ተመልካች ደግሞ ስለ ግድብ፣ ስለ ፓምፕና ስለ መጋቢ መንገድ መጠየቁ አይቀርም።

የመጋቢት 1976 ዓ.ም. የቁጥር መግለጫ ሊያስገኝ ያልቻለውን እርዳታ የጥቂት ደቂቃ ፊልም አስገኝቷል። ይህ ግን ለባለሙያው ምስልን የመናቅ ምክንያት አይሆነውም፤ የቁጥር ሪፖርትም አንባቢ የሚያስፈልገው፣ አንባቢውም በሚያውቀው ልክ የሚተረጕመው ነገር ነው። ስለ ቆቦና ስለ ራያ ቆላ ወደፊት የሚዘጋጅ ፊልምም ሆነ ጥናት ጎርፉን፣ በሬውንና ገበያውን ከሰዎቹ ፊት ጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ ከመሠራጨቱም በፊት በቆቦ ለተሰበሰበ ሕዝብ ቢታይ ያላስተዋለውን የሚነግረው ተመልካች በዚያ ያገኛል።