የቦሎ ገንዘብ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1888 የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ጎሽን በጭነት ጋሪዎች ላይ የመንኮራኩር ግብር እንዲጣል ለፓርላማ ሐሳብ አቀረቡ። መንገዱን የሚፈጨው ከባድ ጋሪ ሆኖ ሳለ፣ የመጠገኛውን ወጪ የሚሸከመው ጋሪ የሌለው የቤት ባለቤትና ባለመሬት ጭምር ነበር። ከግብሩ የሚገኘው ገንዘብ የታሰበው በዚያው ዓመት ሕግ ለተቋቋሙትና ዋና ዋና መንገዶችን ለሚረከቡት የካውንቲ ምክር ቤቶች ነው። ጋሪ ነጂዎችና ነጋዴዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጎሽንም ሐሳባቸውን ተዉት።

ሕዝቡ ለመንገድ መክፈል የሰለቸው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። በ1830ዎቹ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የመንገድ ማኅበራት በየኬላው ቀረጥ ያስከፍሉ ነበር። ከ1839 እስከ 1843 የዌልስ ገበሬዎች የሴት ቀሚስ ለብሰው፣ ራሳቸውንም «የሬቤካ ልጆች» ብለው፣ ኬላዎቹን በሌሊት አፈራረሱ። የመጨረሻው የመንገድ ማኅበር ኬላውን የዘጋው በ1895 ነው። ኬላው ሲቀር የጥገናው ዕዳ በአካባቢው ነዋሪ ላይ ወደቀ።

ከዚያ መኪና መጣ።

የ1903 የሞተር መኪና ሕግ እያንዳንዱ መኪና በካውንቲ ወይም በከተማ ምክር ቤት ተመዝግቦ ቁጥር እንዲለጥፍ አዘዘ። የምዝገባው ክፍያ 20 ሺሊንግ፣ የመንጃ ፈቃዱ 5 ሺሊንግ ሲሆን ገንዘቡም ለመዘገበው ምክር ቤት ገቢ ይሆን ነበር። በ1909 ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ በሞተር ጉልበት መጠን የሚጨምር የመኪና ግብርና በጋሎን 3 ፔንስ የነዳጅ ቀረጥ ጣሉ። ለንግድ መኪናዎች የነዳጁ ቀረጥ በግማሽ ቀነሰ። ገቢው ለመንገድ እንደሚውል ቃል ተገባ፤ የሚያከፋፍለው ግን በማዕከል የተቋቋመው የመንገድ ቦርድ ሆነ። ገንዘቡ ከአካባቢው እጅ መውጣት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ሠራዊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ትርፍ የጭነት መኪናዎችን ሸጠ። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ብዙ ወታደሮችም እየገዙ በማጓጓዝ ሥራ ተሠማሩ። ለፈረስና ለጋሪ ተብሎ በተደቆሰ ድንጋይ የተሠራው የገጠር መንገድ በእነዚህ መኪናዎች ክብደት ተፈረካከሰ፤ ምክር ቤቶቹም የጥገናውን ወጪ አልቻሉትም።

መልሱ በ1920 የወጣው የመንገድ ሕግ ነበር። ከጥር 1 ቀን 1921 ጀምሮ የቤት መኪና በፈረስ ጉልበት 1 ፓውንድ፣ የጭነት መኪና በባዶ ክብደቱ፣ ታክሲና አውቶቡስ በመቀመጫ ብዛት ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ እንዲከፍሉ ተደረገ። የከፈለ ሁሉ በመስታወቱ ላይ የሚለጥፈው ክብ ወረቀት፣ እኛ ቦሎ የምንለው ዓይነት ምልክት፣ ተሰጠው። ገንዘቡን የሚሰበስቡት የካውንቲና የከተማ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ሆኖም ገቢው በቀጥታ በሕጉ ወደ ተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ይሄድ ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስቴር መንገዶችን በደረጃ ለይቶ ለአንደኛ ደረጃ መንገድ የጥገናውን ወጪ ግማሽ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ሩብ ከፈንዱ ይመልስላቸው ነበር። ደረጃ ያልወጣለት የመንደር መንገድ ከዚህ ድርሻ አልነበረውም። በዚህም ደረጃ የማውጣቱ ሥራ ራሱ ገንዘብ የማከፋፈል ሥልጣን ሆነ።

ፈንዱ ሲጠራቀም የግምጃ ቤቱ ዓይን አረፈበት። ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በ1926 ከክምችቱ 7 ሚሊዮን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ወስደው ለመንግሥት ጠቅላላ ወጪ አዋሉት። ባለ መኪና የሚከፍለው ግብር ሁሉ የመንገድ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልተቀበሉትም። ክርክራቸው በሕግ ረገድ ያስኬድ ነበር፤ ፓርላማ የሰጠውን ፓርላማ ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን የጭነት መኪና ባለቤቶች ሲከፍሉ፣ ምክር ቤቶችም የመንገዳቸውን በጀት ሲነድፉ የኖሩት በተገባላቸው ቃል ተማምነው ነበር። የቃሉ መታጠፍ በአንድ ሚኒስትር ውሳኔ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ጉዳቱ የደረሰው በየወረዳው መንገድ ላይ ነው።

በ1932 በሰር አርተር ሶልተር ሰብሳቢነት የባቡርና የመኪና ትራንስፖርት ተወካዮች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ የመንገዱን 60 ሚሊዮን ፓውንድ ዓመታዊ ወጪ ባለ መኪናዎች ሊሸከሙት እንደሚገባ ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት የከባድ መኪናዎች ክፍያ ከፍ አለ። ሆኖም ከ1937 ጀምሮ የፈቃዱ ገቢ በሙሉ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት መግባት ጀመረ፤ መንገድም ፓርላማ በየዓመቱ በሚፈቅድለት በጀት ብቻ የሚተዳደር ሆነ። ለስሙ ብቻ የቀረው ፈንድ በ1955 በወጣ ሕግ ፈረሰ። የካውንቲ ምክር ቤቶች በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከገቢ ባለቤትነት ወደ ድጎማ ጠያቂነት ወረዱ።

ኢትዮጵያ የራሷን የመንገድ ፈንድ ያቋቋመችው በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 ነው። ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ታሪፍ፣ በአክስል ጭነት የሚሰላው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ፈቃድ ማደሻና ከመጠን በላይ በመጫን የሚጣለው ቅጣት በገቢ ምንጭነት ተዘረዘሩ። ለጥገና የሚውለው ገንዘብ ክፍፍልም 70 በመቶ ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶ ለክልሎች፣ 10 በመቶ ለከተሞች የሚለውን ቀመር ተከተለ። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ተሳቢ አብዛኛውን ጉዞውን በፌዴራሉ አስፋልት ላይ ያደርጋል፤ ጭነቱን የሚያራግፈው ግን በአዳማ ወይም በአዲስ አበባ መጋዘን ስለሆነ የከተማውንም መንገድ ይፈጫል። የከተማ አስተዳደሮች አሥሩ በመቶ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብለው በግልጽ ሊሟገቱ ይገባል፤ በታወቀ ቀመር የተቆረጠ ድርሻ በእጃቸው እያለ የሚደረግ ሙግት፣ የብሪታንያ ምክር ቤቶች ከ1937 በኋላ በየዓመቱ ካቀረቡት የድጎማ ጥያቄ ይልቅ የጸና መሠረት አለው።