ከአሞሌ ጭነት እስከ ብረት ሣጥን፤ የወሎን ደጋ ከባሕር ያገናኘው መንገድ ታሪክ

የአንድ አገር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ገጽ የሚይዘው የነገሥታትና የጦርነት ነገር ነው። ነገር ግን ጨው እንዴት ወደ ቤታችን እንደ ገባ፣ አቡጀዲው በማን ጀርባ ተጭኖ እንደ መጣ፣ ይህ መጽሔት የታተመበት ወረቀት ስንት ወንዝ ተሻግሮ እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሕዝብ ኑሮ የሚወደደውም የሚረክሰውም በዚሁ በጭነት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ የጭነትን ታሪክ ባጭሩ ላቀርብ አሰብሁ። የተጠቀሱት ዓመታት፣ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ካልተጨመረባቸው በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

በመጀመሪያ የአገራችንን አቀማመጥ እንመልከት። ከላላ፣ ወግዲ፣ ቦረና ከነከተማው ከመካነ ሰላም፣ እንዲሁም ሳይንት የሚገኙት በደቡብ ወሎ ምዕራብ በኩል በከፍተኛ ደጋ ላይ ነው። በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ፣ በደቡብ ጃማና ወንጪት ምድሩን እንደ ቅጥር ከበውታል። ሜዳው ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ የሚያበቅል፣ በግ የሚያረባ ነው፤ ዳርቻው ግን ገደል ነው። ይህ ገደል በጥንት ዘመን ከጠላት ጠብቆ ይሆናል፤ ነጋዴን ግን እጅግ አድክሟል። ወደ ጎጃም ገበያ የሚሄድ ሰው የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ነበረበት፤ በክረምትም ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል።

በዚያ ዘመን ጭነት የሚያመላልሰው ሲራራ ነጋዴ ነበር። በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፣ ሽፍታ ፈርቶ ከጓደኞቹ ጋር እየተጠባበቀ ይጓዝ ነበር። ከሸክሙም ዋነኛው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው በአፋር በረሃ ከአርሆ ተቈርጦ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣና ከዚያ በበቅሎና በአህያ እስከ ወሎ፣ እስከ ሸዋና እስከ ጎጃም ይደርስ ነበር። ምግብም ገንዘብም ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል።

መንገድ በዋጋ ላይ ያለውን ሥልጣን ለማወቅ ከዚህ አሞሌ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ከ1512 እስከ 1518 ድረስ በኢትዮጵያ የኖረው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎት እንደ ሄደው፣ ጨው በሚቈረጥበት ስፍራ ድራክማ በሚባለው የወርቅ ሚዛን 120 ወይም 130 አሞሌ ይገዛ ነበር። ወደ ንጉሡ ከተማ ሲደርስ ግን በዚያው ወርቅ የሚገኘው 6 ወይም 7 ብቻ ነው፤ በክረምትም ወደ 5 ይወርዳል። እንግዲህ ጨው ያው ጨው ሲሆን ዋጋው ወደ 20 እጥፍ ወጣ ማለት ነው። ጨምሮ የተከፈለው ለእግር፣ ለኬላ፣ ለበረሃና ለጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የባቡር ዘመን መጣ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ ፈቀዱ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ በኋላ በ1909 ነው። ባቡሩ ሌሊት እያደረ በ3 ቀን ከባሕር ወደ ርእሰ ከተማው ያደርስ ጀመር። ድሬዳዋም ከዚሁ የተነሣ ከተማ ሆነች። ሆኖም ሐዲዱ በወሎ አላለፈም። የደጋው ነጋዴ አህያውን እየነዳ ወደ ባቲ፣ ወደ ሐይቅና ወደ ቦሩ ሜዳ ገበያ መውረዱን ቀጠለ። ከዚህም የምንማረው፣ አዲስ መንገድ ሁሉን እኩል የማይጠቅም መሆኑን ነው። ያለፈበትን ያነሣል፣ የራቀውን ባለበት ይተዋል።

ለወሎ የባሕር በር ሆኖ የቈየው አሰብ ነው። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ከአሰብ በባቲ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወጣውን የመኪና መንገድ ሠሩ። ከነጻነት በኋላ በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የአሰብ ወደብም ተስፋፋ። በ1956 የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1959 ደግሞ በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ። ካሚዮኖች ከአሰብ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት ደጋ የወሎ ደጋ በመሆኑ ኮምቦልቻና ደሴ የጋራዥ፣ የሆቴልና የመጋዘን ከተሞች ሆኑ። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ለሚኖረው ለከላላና ለቦረና ገበሬ የመኪናው ድምፅ ሩቅ ነበር።

የዚህ ርቀት ዋጋ በብር ብቻ የተከፈለ አይደለም። በ1965 እና በ1966 በወሎ ረኀብ በደረሰ ጊዜ በሌሎች አውራጃዎች እህል ነበረ። ይሁን እንጂ መንግሥት ነገሩን መሸሸጉ አንድ በደል ሆኖ፣ መንገድ አለመኖሩ ሌላ በደል ሆነ። ሕዝቡ እህሉ ወደ እርሱ ስለማይመጣ እርሱ ወደ መኪና መንገድ ወጣ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር በየከተማው ተሰበሰበ፤ ብዙውም በዚያው አለቀ። በ1977ቱ ረኀብ ደግሞ የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች መኪና በማይደርስባቸው ደጋዎች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ጆንያ ከአየር እስከ መጣል ደረሱ። መንገድ ለነጋዴ ትርፍ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

አሁን ወደ ብረቱ ሣጥን፣ ማለት ወደ ኮንቴይነር እንመለስ። ቀድሞ መርከብ ወደብ ሲደርስ ጆንያው፣ በርሜሉና ሣጥኑ አንድ ባንድ በሰው ትከሻ ይወርድ ነበር። መርከቡ ለብዙ ቀን ይቆማል፤ ዕቃው ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የካሚዮን ባለቤት ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ትላልቅ የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒውርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ሣጥኑ እንደ ተዘጋ ከካሚዮን ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ካሚዮን ይተላለፋል። ያን ጊዜ በተደረገው ሒሳብ አንድ ቶን ዕቃ በሰው ጉልበት መርከብ ላይ ለመጫን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሲያስወጣ፣ በሣጥን ግን ከ16 ሳንቲም በታች ሆነ። ኋላም የሣጥኑ ልክ 20 እና 40 ጫማ ተብሎ በዓለም ሁሉ አንድ ሆነ፤ በዚህም ምክንያት በሻንግሃይ የተጫነውን በጅቡቲ ያለ ክሬን ያነሣዋል።

ይህንንም በእኛ ሚዛን እንለካው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች ብንል፣ 20 ቶን የያዘ አንድ ሣጥን የ400 አህያ ሸክም ነው። አራት መቶ አህያ ከነነጂዎቹ ከባሕር እስከ መካነ ሰላም በሰልፍ ሲመጣ በዓይነ ሕሊና መመልከት ነው!

የአገራችን ነገር ግን በዚህ መካከል ተለወጠ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ንግዱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በዚያው ነው። ዕቃው በወደብ እንዳይከማች በሞጆ ደረቅ ወደብ ተሠራ፤ በኮምቦልቻም እንዲሁ። በ2004 የመርከብ፣ የደረቅ ወደብና የባሕር ትራንዚት ድርጅቶች ተዋሕደው አንድ ድርጅት ሆኑ። በመልቲሞዳል አሠራር አስመጪው አንድ የጭነት ሰነድ ይይዛል፤ ሣጥኑም ጉምሩክ የሚፈተሸው በባሕር ዳር ሳይሆን በደረቁ ወደብ ነው። በመስከረም 2009 ደግሞ ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ።

ይህም ባቡር እንደ ፊተኛው በወሎ አላለፈም። ወሎን ከሐዲዱ ጋር የሚያገናኘው ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመር በ2007 ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ገና አገልግሎት ሳይሰጥ የ2014ቱ ጦርነት ጉዳት አደረሰበት። የካሚዮኑም ዋና ጎርፍ ከሚሌ መገንጠያ ወደ ኮምቦልቻ መውጣቱን ትቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሞጆ ይሄዳል።

እንግዲህ ለከላላ ልጅ ጥያቄው ይህ ነው። ባሕሩ ቀለለ፤ የባሕሩ ማዶም ቀረበ፤ የመጨረሻው መንገድ ግን ከቀበሌው እስከ መኪናው ድረስ አሁንም በአህያ ጀርባ ነው። ማዳበሪያ በመርከብ ሆድ ልቅ ሆኖ ጅቡቲ ደርሶ፣ በዚያ በጆንያ ተሞልቶ፣ በካሚዮን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሆኖም ለሰኔ ዘር ካልደረሰ ረጅሙ ጉዞ ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞም ሞልተው ከሚገቡት ሣጥኖች ብዙዎቹ ባዶአቸውን ይመለሳሉ፤ የምንሸጠው ከምንገዛው ያነሰ ነውና። የባዶውም ሣጥን መመለሻ የሚከፈለው ከእኛው ኪስ ነው።

አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። በጭነት ሥራ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኀምሳ ገበሬ እህሉን ለየብቻው ቢጭን ለእያንዳንዱ ሸክም ነው፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር በአንድ መጋዘን ሰብስቦ በአንድ ካሚዮን ቢልክ ግን ኪራዩ ለሁሉም ይቀላል፤ ከገዢም ጋር በእኩልነት ይነጋገራል። የብረቱ ሣጥን ምሥጢር ይኸው ነው፤ የተበተነውን ጥቂት ጥቂት ሸክም ወደ አንድ ማምጣት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ሐዲድና ወደብ የሚሠራው መንግሥት ነው፤ እኛ ተማሪዎች ያን ማድረግ አንችልም። ነገር ግን ሒሳብ የምንማረው የጭነቱን ዋጋ ለማወቅ፣ ጂኦግራፊ የምንማረው መንገዱ በየት ቢያልፍ እንደሚሻል ለመመርመር ነው። ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፣ የማኅበር ጸሓፊ፣ ሹፌርና ነጋዴ ይወጣል። ከገደሉ አፋፍ እስከ መኪናው መንገድ ያለችውን ያችን አጭር መንገድ ማቅናት የእነዚህ ሥራ ይሁን።